ለሐዋሳ ሆቴል ድረ ገጽ፦ ጃቫስክሪፕት ብቻውን፣ ሪአክት ወይስ ኤችቲኤምኤክስ?

ሐዋሳ ላይ ሆቴል ወይም ሎጅ ይዘው ድረ ገጽ የሚያሠሩ ሁሉ አንድ ነገር ያዝዛሉ፤ እንግዳው ቀን ሲመርጥ የክፍሉ ዋጋ ገጹ እንደ አዲስ ሳይከፈት እዚያው ይቀየር። ትእዛዙ አንድ ቢሆንም መንገዱ ብዙ ነው፤ የባለሙያው ሒሳብም እንደ መንገዱ ይለያያል።

ለአብዛኛው ሆቴል እኔ የምመርጠው ገጽን የሚያንቀሳቅሰውን የኮድ ቋንቋ ጃቫስክሪፕትን ብቻውን ነው። ቋንቋው ብራውዘሩ ውስጥ ስላለ እንግዳው ተጨማሪ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) አያወርድም። ኮዱ «የአንድ ምሽት ዋጋ» የሚለውን ሣጥን ፈልጎ የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ይተካል፤ አለቀ። ችግር የሚመጣው ተለዋዋጩ ሲበዛ ነው። እንግዳው ሁለት ምሽት ያለውን ሦስት ያደርጋል፤ የላይኛው ቁጥር ይቀየራል፣ ከታች ያለው ጠቅላላ ድምር ግን ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ ጭቅጭቁ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ፌስቡክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው። መረጃው አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ በእሱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ አብሮ ይታደሳል። ክፍል፣ የሰው ብዛት፣ ቁርስና ቅድመ ክፍያ በአንድ ገጽ ለሚያስመርጥ ትልቅ ሆቴል ወጪው ተገቢ ነው። ለአነስተኛ ማረፊያ ግን ለአንድ ኩንታል ጤፍ ሲኖትራክ መከራየት ይሆናል። ላይብረሪው ተጨምቆም ከ40 ኪሎባይት ይበልጣል፤ ገጹ በሙሉ ብራውዘር ውስጥ እንዲገነባ ከተደረገ ደግሞ ስክሪፕቱ እስኪደርስ የሚታየው ባዶ ነጭ ነው። ከሻሸመኔ ሲመጣ መኪና ውስጥ ሆኖ ክፍል የሚፈልግ እንግዳ ያንን አይጠብቅም።

ኤችቲኤምኤክስ የተባለው ላይብረሪ ቀለል ያለ ነው፤ ተተኪውን የገጽ ቁራጭ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) አዘጋጅቶ ይልካል፣ ብራውዘሩ ቦታው ላይ ያስገባል። ድረ ገጽዎ ቀድሞውንም ገጹን ሰርቨሩ ላይ በሚያዘጋጁት በፒኤችፒ ወይም በጃንጎ የተሠራ ከሆነ ይህን ይውሰዱ። ኔትወርክ ሲደክም ግን በየንክኪው መጠበቅ አለ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 የወጣው ጄኩዌሪ የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ በነባር ገጽዎ ላይ ካለ ለማስወገድ ብቻ ገንዘብ አያውጡ፤ ለአዲስ ሥራ ግን ምክንያት አላይለትም።

የትኛውንም ቢመርጡ የእንግዶች አስተያየት የሚታይበትን ቦታ ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ይፈትሹ። ፊደል የሚያደምቀውን የኤችቲኤምኤል (ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ምልክት ከስምዎ ጋር፣ <b>ስምዎ</b> ብለው አስገብተው ይላኩ። ምልክቱ እንደ ተራ ጽሑፍ ከታየ ደህና ነው። ስምዎ ደምቆ ከወጣ ግን ባለሙያው ጽሑፉን እንደ ተራ ጽሑፍ በሚያስቀምጠው በቴክስትኮንተንት ፈንታ እንደ ገጽ ኮድ በሚያስነብበው በኢነርኤችቲኤምኤል አስገብቶት ወይም ሰርቨሩ ላይ ሳያጣራው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ክፉ ሰው በዚያው ቀዳዳ በእንግዶችዎ ስልክ ላይ የሚሠራ ኮድ ማስገባት ስለሚችል ሳይታረም አይረከቡት።