ፍላይት ሲሙሌተር 2024፦ ከ2020 መሻገር የሚያዋጣው ለማን ነው?

የማይክሮሶፍትን የበረራ ጌም ፍላይት ሲሙሌተር 2020 የያዙ ሰዎች ስለ 2024 ሲያስቡ ቀድሞ ዓይናቸው የሚገባው ምስሉ ነው። ምስሉ በእርግጥ ተሻሽሏል። አራቱ ወቅቶች ይፈራረቃሉ፣ ዝቅ ብሎ ለሚበር ሰው ድንጋዩ፣ ሣሩና ዛፉ ከበፊቱ በብዙ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ በ10 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆኑ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ የሚለውን የሚወስኑት የኢንተርኔት መስመራችሁ፣ የግራፊክስ ካርዳችሁ ሚሞሪ እና እስካሁን ገንዘብ ያፈሰሳችሁባቸው አድኦኖች (ለብቻ የሚጨመሩ አውሮፕላኖች፣ ኤርፖርቶችና የመሳሰሉት) ናቸው።

ከኢንተርኔቱ እንጀምር፤ ትልቁ ለውጥ ያለው እዚያ ነው። 2020 አውሮፕላኖቹንና ኤርፖርቶቹን ዲስክ ላይ ይጭናል፤ ከ100 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። በበረራ ላይ ከሰርቨር የሚስበው በዋናነት የመሬቱን የሳተላይት ምስልና የከተሞቹን ቅርጽ ነው። 2024 ግን የሚጠይቀው የዲስክ ቦታ 50 ጊጋባይት ሲሆን፣ አውሮፕላኑን ራሱንና ኤርፖርቱን ሳይቀር በተፈለገ ሰዓት ከሰርቨር ያመጣል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2024 በወጣበት ዕለት ሰርቨሮቹ ጭነቱን መሸከም አቅቷቸው ብዙ ሰው የመጫኛው ስክሪን ላይ ተገትሮ የዋለው በዚሁ ምክንያት ነው። ያ መጨናነቅ አልፏል፤ አሠራሩ ግን አልተቀየረም። መስመራችሁ ደካማ ከሆነ ጉዳቱ ከመሬቱ አልፎ ኮክፒት ውስጥ ይገባል፦ የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ጽሑፍ ደብዝዞ ይቀራል፣ ተርሚናሉ እንደ ጭቃ የተለወሰ ይመስላል፣ አውሮፕላን ስትመርጡ ረጅም ደቂቃዎች ትጠብቃላችሁ።

በይፋ የተቀመጠው ዝቅተኛ ፍጥነት 10 ሜጋቢት በሰከንድ፣ የሚመከረው 50፣ ለከፍተኛው ጥራት ደግሞ 100 ነው። የዳታ ገደብ ላለበት ሰው ስሌቱ ቀላል ነው፦ በ10 ሜጋቢት ሳያቋርጥ ቢስብ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት፣ በ50 ደግሞ 22.5 ጊጋባይት ይወስዳል። ይህ ጣሪያው ነው። ትልቅ ከተማ ላይ ዝቅ ብላችሁ ስትበሩ ወደዚህ ጣሪያ ይጠጋል፤ ባሕር ላይ ወይም ከፍታ ይዛችሁ ስትጓዙ በጣም ይቀንሳል። ለመቆጠብ በኦንላይን ሴቲንግ ውስጥ ፎቶግራሜትሪን (ከፎቶ የተሠራውን የከተሞች ቅርጽ) አጥፉ፤ ከተሞቹ በኮምፒውተር በተሠሩ ሕንጻዎች ይተካሉ፣ የሚሳበውም ዳታ ወዲያው ይወርዳል። አዘውትራችሁ የምታበሯቸውን አውሮፕላኖች ደግሞ ከላይብረሪው ዲስክ ላይ ጫኗቸው። ሮሊንግ ካሽ የሚባለውን ማከማቻ በፈጣን ኤስኤስዲ ላይ አድርጉ። መነሻው 16 ጊጋባይት ነው፤ ከፍ ማድረግ የሚጠቅመው ግን ተመላልሶ በአንድ አካባቢ ለሚበር ሰው ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የሚይዘው ያለፋችሁበትን ቦታ ነው። ከትልቅ ማሻሻያ በኋላ ምስሉ ከተበላሸ ወይም በረራው ከተቆራረጠ ማከማቻውን አጥፍታችሁ እንደገና ፍጠሩት።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንመጣ፣ ዝቅተኛው መስፈርት 16 ጊጋባይት ራምና 4 ጊጋባይት የግራፊክስ ሚሞሪ ይላል። በዚህ ይነሳል፤ ማብረር ግን ያሰለቻል። የሚመከረውን 32 ጊጋባይት ራምና 8 ጊጋባይት የካርድ ሚሞሪ እንደ እውነተኛው መነሻ ውሰዱት። 8 ጊጋባይት ያለው ካርድም ቢሆን ቴክስቸሩን (የነገሮቹን ገጽ ምስል ጥራት) አልትራ ላይ አድርጋችሁ ዝርዝር የበዛበት አየር መንገድ አውሮፕላን ስትጭኑ ይሞላል። ሲሞላ አፈጻጸሙ ቀስ እያለ አይቀንስም፤ ለማረፍ ስትቃረቡ በድንገት በሰከንድ ከ40 ፍሬም (ምስል) ወደ 10 ይወድቃል። መፍትሔው ቴክስቸሩን ከአልትራ ወደ ሃይ፣ ካስፈለገም ወደ ሚዲየም ማውረድ፣ የመሬቱን ዝርዝር ደረጃ ከ200 ወደ 100 መቀነስ፣ የኮክፒት ስክሪኖቹን የመታደስ ፍጥነት ሎው ማድረግ ነው። በመሃል ተጨማሪ ፍሬሞችን የሚፈጥረውን ፍሬም ጄነሬሽን እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት፤ እሱም የራሱን ሚሞሪ ይወስዳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ባላችሁ 2020 ላይ ይህን ሙከራ አድርጉ፤ ከየትኛውም የቪዲዮ ግምገማ ይልቅ ስለ ራሳችሁ ማሽን የሚነግራችሁ እሱ ነው። በጄኔራል ኦፕሽንስ ውስጥ ዴቨሎፐርስ ከሚለው ክፍል ዴቨሎፐር ሞድን አብሩ፣ ከላይ በሚመጣው ሜኑ ዲበግ ውስጥ የኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታዩ ፍሬሞች) ማሳያውን ክፈቱ። ከዚያ አዘውትራችሁ የምታበሩትን ከባድ አውሮፕላን እንደ ሂትሮው ባለ የተጨናነቀ ኤርፖርት ለማረፊያ በሚቃረብበት ርቀት ላይ አስቀምጡት፣ የቀጥታ ትራፊክና አየር ሁኔታ አብሩ። ማሳያው የተገደበው በሜይንስሬድ ነው ካለ ጫናው ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ 2024 ሥራውን በብዙ ኮሮች ላይ የበለጠ ስለሚያከፋፍል ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ካላችሁ የመሻሻል ተስፋ አለ። የተገደበው በጂፒዩ (በግራፊክስ ካርዱ) ነው ካለ፣ ወይም በታስክ ማናጀር የካርዱ ሚሞሪ ከጫፍ ደርሶ ከታየ፣ 2024 ነገሩን አያቀልላችሁም። ያንን ገንዘብ ለካርድ ብታጠራቅሙት ይሻላል።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ምን ይገኛል? የፊዚክሱ ሥራ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። በ2020 አውሮፕላኑ እንደ አንድ ግትር አካል ይሰላ ነበር፤ በ2024 አካሉ ተከፋፍሎ የአየሩ ኃይል በብዙ ተጨማሪ ገጾች ላይ ይሰላል። በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ፣ በተለይ በጎን ነፋስ ስታርፉ፣ ጎማው መሬት ሲነካና ስትንደረደሩ ልዩነቱ በእጅና በእግር ይታወቃል። ሄሊኮፕተር በገመድ ጭነት ሲያነሳ ጭነቱ ይወዛወዛል፣ አብራሪውንም ይፈትነዋል። ከአውሮፕላኑ ወርዶ ዙሪያውን መፈተሽም ተጨምሯል፦ የጎማ ማገጃውን ታነሳላችሁ፣ የፒቶ ቱቦውን (የአየር ፍጥነት የሚለካበትን ቱቦ) ሽፋን ታወልቃላችሁ። ሽፋኑን ረስቶ የተነሳ ሰው የፍጥነት መለኪያው ምን እንደሚሆን ለመማር ጥሩ ዕድል ነው። የበረራ ዕቅድ፣ ቻርትና ክብደት ማስተካከያ በአንድ ላይ የያዘ ታብሌትም ኮክፒት ውስጥ ተቀምጧል።

የሥራ ሞዱ ለብዙ ሰው የመግዛት ምክንያት የሚሆነው ነው። በግል አብራሪነት ፈቃድ ትጀምራላችሁ፣ ወደ ንግድ አብራሪነት ፈቃድ ታልፋላችሁ፣ በመጀመሪያ በሰው አውሮፕላን ትሠራላችሁ፣ ቆይቶ የራሳችሁን ኩባንያ ታቋቁማላችሁ። የእሳት ማጥፋት፣ የፍለጋና ነፍስ አድን፣ የእርሻ መድኃኒት ርጭት፣ የጭነት ሥራ አለ። የራሳችሁ አውሮፕላን ሲኖራችሁ የጥገናው ወጪም የእናንተ ነው፤ መሬት ላይ ግጭት ካጋጠማችሁ የብዙ በረራ ገቢ ይሄዳል። ስለዚህ የኢንተርኔት መስመር የሚቆራረጥበት ሰው ውድ አውሮፕላን ለመግዛት አይቸኩል።

አድኦን የብዙ ሰው ራስ ምታት ነው። በሲሙሌተሩ ማርኬትፕሌስ የተገዛው አብዛኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሻገራል። ከውጭ የተገዛው ግን እንደ ሠሪው ይለያያል፤ አንዳንዱ በነጻ፣ አንዳንዱ በቅናሽ ይሰጣል፣ አንዳንዱም እንደ አዲስ ያስከፍላል። ያላችሁን ሁሉ በወረቀት ጻፉና የየአንዳንዱን ሠሪ ገጽ ተመልከቱ፤ የመሻገሪያው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ይህ ድምር ሲጨመርበት ነው። የ2020ን የኮሚዩኒቲ ፎልደር (ከውጭ የመጡ አድኦኖች የሚቀመጡበትን) እንዳለ ገልብጣችሁ 2024 ውስጥ አትጣሉት። በባዶ ፎልደር አንዴ አስነሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጨምሩ። ቀለም ብቻ የሚቀይሩ የድሮ ፋይሎች የአውሮፕላኑ ፎልደር አደረጃጀት ስለተቀየረ ላይታዩ ይችላሉ። የድሮ ኤርፖርቶች ይሠራሉ፣ ግን የመሬቱ ከፍታ ከአዲሱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ጠርዛቸው ላይ ጉብታ ወይም ገደል ሊፈጠር ይችላል። ውስብስብ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን ሲሙሌተሩ የቆመ ይመስላል፤ የውስጥ ኮዱን ለማሽናችሁ እያዘጋጀ ስለሆነ አትዝጉት። ችግር ከመጣ ግማሹን አድኦን አውጡና ሞክሩ፣ ጥፋተኛው ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈሉ።

የጆይስቲክና የዮክ (የአውሮፕላን መሪ) የቁልፍ ምደባ ከ2020 አይመጣም። 2024 ቁልፎቹን በጠቅላላ፣ በአውሮፕላን ዓይነትና በአንድ የተወሰነ አውሮፕላን ደረጃ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ አንድ ምሽት መድቡለት። አንድ የመቆጣጠሪያ ዘንግ (አክሲስ) በሁለት ደረጃ ላይ ተደርቦ ከተመደበ ረደሩ (የጅራቱ መሪ) ወይም ስሮትሉ (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያው) ይንቀጠቀጣል፤ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ነው።

በአየር መንገድ አውሮፕላን ረጅም በረራ የሚያደርግ፣ አድኦኑ የበዛ፣ መስመሩም ከ50 ሜጋቢት በታች የሆነ ሰው 2020 ላይ ቢቆይ የሚያጣው ጥቂት ነው። ዝቅ ብሎ በትንሽ አውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር የሚበር፣ በሥራ ሞዱ የሚማረክ፣ 8 ጊጋባይት ካርድና ጥሩ መስመር ያለው ሰው ይግዛ። ከሰርቨር ጥገኝነት መላቀቅ የሚፈልግ ደግሞ መልክዓ ምድሩን ዲስክ ላይ የሚይዘውን ሌላ ሲሙሌተር ኤክስፕሌን 12 ይመልከት፤ መልክዓ ምድሩ ይደክማል፣ በረራው ግን የተከበረ ነው።

የሚገዛ ሰው ስታንዳርድ የሚባለውን እትም ይግዛ። 70 አውሮፕላን አለው፤ ዴሉክስ 80፣ ፕሪሚየም ዴሉክስ 95፣ ኤቪዬተር 125 ናቸው፣ ግን ብዙ ሰው በትክክል የሚያበረው ከአምስት አይበልጥም። ሁለቱ ሲሙሌተሮች በአንድ ኮምፒውተር ሳይጋጩ ስለሚቀመጡ 2020ን አታጥፉ። 2024ን የሚያካትት የጌም ፓስ (የማይክሮሶፍት የጌም ደንበኝነት) ዓይነት ያለው ሰው በዚያ ይሞክረው። በስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫ) የገዛ ገንዘቡ የሚመለስለት በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ከተጠቀመ ነው፤ መጫኛው ስክሪን ላይ የሚጠፋው ጊዜም ከ2 ሰዓቱ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ኢንተርኔቱ በማይጨናነቅበት ሰዓት ክፈቱት፣ የቁልፍ ማስተካከሉን ለኋላ አቆዩትና በቀጥታ ያንኑ ከባድ አውሮፕላን በዚያው ኤርፖርት ላይ አሳርፉት።