ቡፌዬን ያጠቆረልኝ ዱቄት

ቡፌዬ የዋልነት እንጨት ነው። ለዓመታት መስኮት ሥር ቆሞ ፀሐይ በልቶታል። እንደ ቼሪ ያሉ እንጨቶች ብርሃን ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ፤ ዋልነት ግን ግልባጩ ነው፤ እየነጣ ማር ማር ወደሚል ቀለም ይሄዳል። የአበባ ማስቀመጫው የነበረበት ቦታ ብቻ ክብ ሆኖ እንደ ድሮው ቀርቶ ነበር።

መጀመሪያ የገዛሁት በቆርቆሮ የሚሸጥ ወፍራም ማቅለሚያ ነው። ስሙን አልጠራም። አንድ መሳቢያ ቀባሁበት። መጥቆሩንስ ጠቆረ፤ ግን ያ እየተጠማዘዘ የሚሄደው የእንጨቱ መስመር ድራሹ ጠፋ። እንዲህ ያለው ማቅለሚያ ውስጥ ያለው ቀለም ደቃቅ ብናኝ ነው፤ አይሟሟም። ሲደጋገም ቀዳዳውን ሞልቶ ላዩ ላይ እንደ ጭቃ ይተኛል።

ሁለተኛው ሙከራዬ በውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ቀለም ነው፤ ጥቁር ቡኒ። ይሄኛው እንደ ስኳር ይሟሟል። እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ አይሸፍነውም። ለብ ባለ ውሃ በጠበጥኩት፤ በስስ ጨርቅ አጠለልኩት። ሆን ብዬ አቀጠንኩት፤ ሲያንስ ይደገማል፣ ሲበዛ ግን መመለሻው ከባድ ነው። የድሮውን ቫርኒሽ አስቀድሞ ሙልጭ አድርጎ ማንሳት ግድ ነው። ውሃ የእንጨቱን ፀጉር ስለሚያቆመው መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ አበስኩት፤ ሲደርቅ ደቃቅ በሆነው ባለ 220 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ዳበስ ዳበስ አደረግኩት። ከዚያ በስፖንጅ ሁለት ዙር።

ሲደርቅ ልቤ ወደቀ። አመድ የነሰነሱበት ነው የሚመስለው። በማግስቱ ግን ዘይት የነከርኩትን ጨርቅ ሳሳርፍበት፣ ከጨርቁ ኋላ መስመሩ ቦግ እያለ ወጣ። መስመሩ ጥቁር፣ መሀሉ ቀላ ያለ ቡኒ። ባለቤቴ ገብታ «ሌላ ቡፌ ገዛህ እንዴ?» አለችኝ። (ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ከሆነ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት።)

እንከንም አለው። የጣውላው ጫፍ፣ የተቆረጠበት በኩል፣ ቀለሙን ጠጥቶ ከሰል መሰለ። ጫፉን በደቃቅ ወረቀት ደጋግሜ ፈትጌ ውሃ ባጠጣው ኖሮ ይሻል ነበር። ቶሎ ስለሚደርቅ ሰፊ ገጽ ላይ እጅ ዘገየት ካለ መደራረቢያው ይታያል። ከዳር ያለው ነጣ ያለ እንጨት በቀጭን ብሩሽ ሦስተኛ ዙር ፈለገ። ያለ ጓንት ጀምሬ ጣቶቼ ለቀናት ቡኒ ሆነው ሰነበቱ። ደግሞ ይህ ቀለም ራሱ ፀሐይ አይወድም፤ ቡፌውን ከመስኮቱ አርቄዋለሁ።

ዱቄቱን ከ5 4 እሰጠዋለሁ። ያችን የመጀመሪያዋን መሳቢያ ፍቄ እንደገና ቀባኋት፤ ማዕዘኗ ላይ ግን ጭቃው አሁንም አለ። ማንኪያ ላወጣ በከፈትኳት ቁጥር አየዋለሁ።