ለአርባውም ለክርስትናውም የተተከለ ድንኳን፦ በጎንደር ስለተገለገልንበት የድንኳንና የዕቃ ኪራይ ቤት

በጎንደር ድንኳንና ዕቃ የሚከራይ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውንና የወንበሩን ብዛት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አማችና ምራት ሲሰበሰብ ግቢው ለማይበቃው፣ ከነነዌ እስከ ፍልሰታም አንድ ጾም ለማያልፈው እንደ እኛ ላለ ቤተሰብ፣ ከዋጋው የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ አከራዩ ዕለቱ የጾም ይሁን የፍስክ ሳይነግሩት ያውቃል ወይ? የመጣው ድስት ከሳምንት በፊት ዶሮ የተሠራበትና ቅቤ የጠጣ ከሆነ ርካሽነቱ ለእኛ ቤት ምንም አይፈይድም።

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አባታችንን ቀብረናል፣ የአርባውን ተዝካር አውጥተናል፣ ጥምቀትን ጥቁር እንደለበስን እንግዳ ተቀብለን አሳልፈናል፣ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሕፃን ክርስትና አንሥተናል። በዚህ ሁሉ የተገለገልነው ከአንድ ቤት ነው። ወቀሳም ስላለኝ የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ከአራዳ ገበያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ጎላ ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ እንዲሁም ሲጠየቅ ወጥ ሠሪ ሴቶችን ጭምር የሚያቀርብ መካከለኛ ቤት ነው። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

ዕቃ ቤታቸውን ያየ ሰው ለምን እንደመረጥናቸው ወዲያው ይገባዋል። የጾም ድስቶች እጀታቸው ላይ ነጭ ቀለም፣ የፍስኮቹ ቀይ ተቀብቷል፤ ጭልፋውና መክተፊያው ሳይቀር በዚያው ቀለም ተለይቷል። በሌላ ክፍል ደግሞ አረንጓዴ ምልክት ያለባቸው ለብቻቸው ተቆልፈው ይቀመጣሉ። እነዚህ ለሙስሊም እንግዶች የሚወጡ ናቸው፤ እርዱንም ማብሰሉንም የሚይዙት ሙስሊም ጎረቤቶች ራሳቸው ስለሆኑ ቁልፉን የሚረከቡትም እነርሱ ናቸው። በከተማችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሠርግም በለቅሶም የማይለያይ እንደመሆኑ፣ ይህን አስቦ ያልተዘጋጀ አከራይ ሥራውን በግማሽ ብቻ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ከእትዬ ጋር የተዋወቅነው ለሠርግ ነበር። ታላቅ ወንድማችን በጥር ሊያገባ ቀን ተቆርጦ፣ በመስከረም ቀብድ ከፍለን ደረሰኝ ተቀብለን ነበር። በደረሰኙ ግርጌ «የተከፈለ ቀብድ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ታትሟል። በጥቅምት አባታችን በድንገት ሲያርፍ፣ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሠርግ እንደማይደገስ የታወቀ ነውና፣ ወንድማችን ቀብዱን እንደቀለጠ ቆጥሮ ቀኑን ሊያሰርዝ ብቻ ሄደ። እትዬ ደብተራቸውን አወጡ፣ የጥርን ገጽ ገለጡ፣ «ሠርግ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙት፤ ከዚያ ወደ ኅዳር መልሰው በወሩ መጨረሻ ላይ «አርባ» ብለው ጻፉና፣ «ሠርጉን እግዚአብሔር ያደርሰዋል፤ ይኼ ለአባትህ ይሁን ልጄ» አሉት። ቀብድ አይመለስም የሚለው ደንብ አልተጣሰም፤ ገንዘቡ በእርግጥም አልተመለሰም፤ ብቻ ስሙ ተቀየረ። እኔ በዓመቱ ውስጥ ካየሁት የንግድ ጨዋነት ሁሉ የላቀውን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

እስከ ሳልስት ያለውን ለቅሶ የተቀመጥነው እንደማንኛውም ሰው በዕድራችን ድንኳን ነው፤ ስለ እርሱ እዚህ የምለው የለኝም። የኪራዩ ድንኳን የተተከለው ለአርባው ነው። አርባው የዋለው ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም ከጀመረ በኋላ ስለነበር፣ ማዕዱ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና ስልጆ ነበር። እትዬ ስለ እንግዳው ብዛት ከመጠየቃቸው በፊት የጠየቁት «ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይወጣል?» ብለው ነው። ቀኑ የሥራ ቀን ነበር፤ በጾም ደግሞ በሥራ ቀን የሚቀደሰው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ካህናቱም ሕዝቡም ማዕድ የሚቀርቡት ወደ ማታ ነው። ይህን የማያውቅ አከራይ ጠዋት ተክሎ ከምሽቱ በፊት ሊነቅል ይመጣል፤ ጎረቤታችን ላይ ይኸው ሲደርስ አይተናል። የእርሳቸው ልጆች ግን ከቀትር በኋላ መጥተው ተከሉ፣ አምፖል ዘረጉ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪነሣ ድረስም አልቸኮሉም።

በዚያ ቀን አንድ ክርክር ነበር። እናታችን ነዳያን ከድንኳኑ ውስጥ፣ ከካህናቱ ቀጥሎ እንዲቀመጡ ፈለገች። ልጆቹ ቦታው እንደማይበቃና በተለመደው መሠረት በደጅ በኩል ቢቀመጡ እንደሚሻል ነገሯት። እናታችን፣ «ተዝካሩ የሚወጣው ለማን ሆነና ነው እነርሱ ደጅ የሚቀመጡት?» ብላ ጠየቀቻቸው። መልስ አልነበራቸውም። ስልክ ተደወለና ብዙም ሳይቆይ ተጨማሪ የድንኳን ክንፍ በባጃጅ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ፤ ለእርሱም ተጨማሪ ሒሳብ አልተጠየቅንም። እናታችን በሐዘኗ ሁሉ እህል በአግባቡ የቀመሰችው ያን ምሽት፣ ነዳያኑ ጠግበው «ነፍስ ይማር» ብለው ከተነሡ በኋላ ነው።

ጥምቀት ሲቃረብ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ቤታችን ወደ ቀሃ በሚወርደው መንገድ ዳር በመሆኑ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱት በደጃችን ነው፤ አባታችን በሕይወት ሳለ ከደምቢያና ከአርማጭሆ ለሚመጡ ዘመዶችና ለማያውቃቸውም መንገደኞች በየዓመቱ ማዕድ ይዘረጋ ነበር። ግማሾቻችን ዘንድሮ ሐዘን ላይ ስለሆንን ይቅር አልን። ሌሎቻችን፣ በተለይም አስጎብኚ የነበረውና እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ያለ ሥራ የተቀመጠው ወንድማችን፣ ወጪው ከየት ይመጣል የሚለው አስጨነቀን። እናታችን ግን ታቦት በደጇ እያለፈ በሯን እንደማትዘጋ ቁርጡን ተናገረች። ወጪውን ተካፈልን፤ ያለው ጤፍ አመጣ፣ የሌለው እንጨት ፈለጠ፣ ውኃም ቀዳ።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባ፣ በጎንደርም ከየአቅጣጫው ሕዝብ የሚጎርፍበት በዓል ስለሆነ፣ በዚያ ሳምንት የወንበር ኪራይ እንዴት እንደሚንር የከተማችን ሰው ያውቀዋል። እትዬ በታኅሣሥ ለተመዘገበ ደንበኛ ዋጋ አይጨምሩም። ከዋጋው ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የዕቃው አቀራረብ ነው። ጥር 10 ቀን ከተራው ገሃድ ስለሆነ ይጾማል፤ በማግስቱ 11 ቀን ረቡዕም ሆነ ዓርብ ቢውል ይበላበታል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ውስጥ ወጥ ቤቱ ከጾም ወደ ፍስክ መዞር አለበት፤ መንገዱ ደግሞ በሰው ጢም ስለሚል ዕቃ የጫነ መኪና አያልፍም። እትዬ ባለ ነጩን ቀለም ዕቃ ለአገልግሎት አቅርበው፣ ባለ ቀዩን ከከተራው ሁለት ቀን ቀደም ብለው በማዳበሪያ አስረው፣ የማዳበሪያውን አፍ በገመድ ሰፍተው በጓዳችን አስቀመጡልን። ገመዱ የተፈታው በጥምቀት ማለዳ፣ ወንዶቹ ጠበል ተረጭተው ሲመለሱ ነው። አንዲትም ሳህን አልተቀላቀለችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለኪራይ ቤት የሚሆን ነገር አልነበራቸውም። በየካቲት እህታችን ያለ ጊዜዋ ወለደች፤ ሕፃኗ በማሞቂያ ክፍል ሰነበተች፤ ዐቢይ ጾምን በሆስፒታሉና በቤተ ክርስቲያን መካከል ስንመላለስ ጨረስነው። እናታችን ለቁስቋም ማርያም ጥላ ተሳለች። ሕፃኗ ድና፣ ወፍራ፣ በግንቦት መጀመሪያ ሰማንያ ቀኗ ሞላ።

ለክርስትናው በዓል ስንደግስ በዓለ ኀምሳ ገና አላለቀም ነበርና ረቡዕና ዓርብም የሚጾም የለም። ባለ ቀዩ ድስት ሁሉ ወጣ፤ አረንጓዴውም እንዲሁ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን በግ አርደው ከግቢው ጥግ ሠሩ። በዓመቱ ውስጥ እልልታ የተሰማበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነበር። ወቀሳዬም የሚጀምረው ከዚሁ ቀን ነው።

የመጣልን ድንኳን ቀድሞ የምናውቀው አልነበረም። ሸራው በበርካታ ቦታ የተጣፈ ሲሆን፣ ልጆቹ አዲስ ነው ብለው ሊያሳምኑን ሞከሩ። ከቀትር በኋላ የግንቦት ዝናብ ሲጥል ከአንደኛው ስፌት ውኃ ያለማቋረጥ ይንጠባጠብ ጀመር፤ የሚንጠባጠበውም እንጀራ በተደረደረበት ሌማት ላይ ነበር። ሌማቱን ማንሣት ቀላል ነው፤ ከሥሩ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ማስነሣት ግን ለባለ ድግስ ታላቅ ኀፍረት ነው። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ሲነሣም ነዳጁ ግማሽ እንኳ አልነበረም። ለእትዬ ስልክ ብንደውል አይነሣም፤ ቀኑ እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ከሰንበቴያቸው አይቀሩም። ለዚህ ልወቅሳቸው አንደበት የለኝም፤ ነገር ግን በድግስ ቀን ስልክ የሚያነሣና የመወሰን ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው ሊመድቡ ይገባል።

ሁለተኛው ወቀሳ የዕቃ ርክክቡን ይመለከታል። ዕቃው የሚቆጠረው ማታ፣ ሁሉም ሰው ደክሞት እያለ ነው። ከክርስትናው በኋላ አንድ ሙሉ ሳጥን ብርጭቆ ጎድሏል ተብሎ በአዲስ ዋጋ ተሰላብን፤ ሣጥኑ ግን በነጋታው እዚያው በአይሱዙው ላይ ተገኘ። እትዬ ገንዘቡን ወዲያው መለሱ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ስለ ድንኳኑ የቀነሱልን ግን እጅግ ጥቂት ነበር። የሸራ ዋጋ መናሩን ነገሩን፤ እውነት ነው፤ ቢሆንም የሚያፈስ ድንኳን በሙሉ ዋጋ አይከራይም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁና እዚህ መድገሜ ቅር አያሰኛቸውም።

ዋጋቸው እኛ ከጠየቅናቸው ሌሎች አከራዮች ጥቂት ከፍ ይላል፤ ወደ አዘዞ ወይም ከከተማ ውጭ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የማጓጓዣው ለብቻ ይታሰባል። ወጥ ሠሪዎቻቸው የጾሙን ወጥ ሲሠሩ የሚተካከላቸው የለም፤ የሽሯቸው ነገር እስከ ዛሬ ይወራል። ዶሮ ላይ ግን መካከለኛ ናቸው፤ ለክርስትናው አክስቶቻችን ጣልቃ ባይገቡ ኖሮ ሽንኩርቱ ሳይበስል ቅቤው ሊገባ ነበር። ለጾም ድግስ ሠሪዎቹንም ዕቃውንም፣ ለፍስክ ግን ዕቃውን ብቻ መውሰድ ይመረጣል።

የአባታችን ሙት ዓመት በመጪው ጥቅምት ነው፤ የያዝነውም እዚያው ቤት ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ እንጂ የአዋጅ ጾም ባይሆንም እናታችን አንድም ዓመት አስተጓጉላው አታውቅም፤ እትዬም ይህን አስታውሰው ለእርሷና ለእኩዮቿ ባለ ነጭ ቀለም ድስት ለብቻ እንዲወጣ ሳንጠይቃቸው መዝግበዋል። ይህን ጊዜ ግን ድንኳኑን ራሴ ሄጄ በውኃ አስፈትሼ፣ የሸራውን ቁጥር በደረሰኙ ላይ አስጽፌ ነው የመጣሁት፤ ለማንም ደንበኛ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

የወንድማችን ሠርግም ለጥር ተመልሶ ተይዟል። በጥር ለማግባት ያሰበ ሰው ካለ ቶሎ ቢሄድ ይሻለዋል። ነነዌ ቢቀድም ጥር 17፣ ዐቢይ ጾምም ቢቀድም የካቲት 1 ቀን ሊገባ ስለሚችል፣ ጾሙ በሚቀድምበት ዓመት ከጥምቀት በኋላ ለሠርግ የሚተርፉት እሑዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እትዬም የዓመቱን አጽዋማት ሳያዩ ቀብድ አይቀበሉም።