የሟች ወታደርን ቤተሰብ መርዳት፦ መዋጮ ወይስ ደቦ?

ጎጃም ውስጥ በግዳጅ ላይ የሞተ ወታደር ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቤተሰብ ሲቸገር ጎረቤት ሁለት መንገድ ያውቃል፤ ብር ያዋጣል፣ አለዚያም ጉልበቱን ይሰጣል።

መዋጮው ፈጣን ነው። ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ልጆች ለምታሳድግ ሚስት ከዚህ የተሻለ የለም፤ ማሳ የላትም፣ በሬ ምን ያደርግላታል? በጡረታ ሕጉ ለሟች የትዳር ጓደኛ የሚደርሰው የአበሉ 50 በመቶ ነው፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ደግሞ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ክፋቱ፣ ብሩ የሚሰበሰበው ለቅሶው ትኩስ ሳለ ብቻ ነው። በዓመቱ መዝገቡን የሚገልጥ የለም።

ገጠር ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት 4 ወይም 5 ጊዜ መታረስ ይፈልጋል። በሬና አራሽ ያጣ ቤት መሬቱን በእኩል ይሰጥና ግማሹን ምርት ያጣል። አንዲት ጎረቤታችንም ወታደር ልጃቸው ከሞተ በኋላ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። በሁለተኛው ክረምት መንደሩ ደቦ ወጣላቸው። ንፍሮና ጠላ ይዘው ከማሳው ዳር ቆመው «ኧረ እረፉ ልጆቼ!» ቢሉም ወጣቶቹ እርፉን አልለቀቁም። ውቂያው ሲያልቅ ጤፉ ሙሉ በሙሉ ጎተራቸው ገባ። (ጠላው ግን ጌሾና ብቅል ይጠይቃል፤ ደቦም ወጪ አለው።)

እኔ ለከተማው ብሩን፣ ለገጠሩ ደቦውን እመርጣለሁ። ሁለቱም ከተገኙ በመዋጮው መጀመሪያ የዘር ጤፍ ይገዛ፣ ከዚያ በሬዎቹ ይጠመዱ።