ከዜሮ በታች ነጥብ የሚጻፍበት የአራት ኪሎ ኳስ ቤት

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ፣ በስተግራ ወደ ውስጥ በሚገባ ጠባብ ቅያስ ላይ፣ በሩ ላይ ምንም ስም ያልተጻፈበት አንድ ኳስ ማሳያ ቤት ይገኛል። የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ሁሉ «ዲኤስቲቪ ቤት» ይለዋል። ቤቶቹ በአብዛኛው አንዱ ከሌላው የሚለየው በወንበሩ ብዛትና በድምፅ ማጉያው ጩኸት ብቻ ነው፤ ሁሉም አርሴናልን፣ ማንቸስተር ዩናይትድን፣ ሊቨርፑልንና ቼልሲን ያሳያሉ። ይህኛው ቤት ግን ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ላሉት ሦስት ሊጎች፣ ማለትም ለቻምፒየንሺፕ፣ ለሊግ ዋንና ለሊግ ቱ፣ አንድ ስክሪን ለይቶ መድቦላቸዋል። ደጋግሜ ስለሄድኩበት፣ ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው የሚጠቅመውን ያህል ልጻፍ።

መግቢያው በሄድኩበት ጊዜ 40 ብር፣ ሻይ ደግሞ 30 ብር ነበር። የእንግሊዝ የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ በእነሱ የክረምት ወራት እኛ ዘንድ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ባዞሩባቸው ወራት ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር፣ ከሥራ ወይም ከለቅሶ ቤት የሚመለስ ሰው ሁሉ ሳይቸኩል ይደርሳል። የሳምንቱ አጋማሽ ጨዋታ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊያልቅ ስለሚችል፣ የታክሲ ነገር ለሚያስጨንቀው ሰው አይመከርም።

ቤቱን ቤት ያደረገው ስክሪኑ ሳይሆን በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የካርቶን ሰሌዳ ነው። ባለቤቱ፣ ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ጠና ያሉ ሰው፣ የቻምፒየንሺፑን 24 ክለቦች ደረጃ በየሳምንቱ በእጃቸው ይጽፋሉ። ከድሉ፣ ከአቻውና ከሽንፈቱ ቀጥሎ በሌላ ቦታ አይቼው የማላውቀውን አንድ አምድ ጨምረውበታል፤ ርእሱም «የተቀነሰ» ይላል። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ከሼፊልድ ዌንስዴይ ስም ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ከዜሮ በታች 6 ተጽፎ ሳይ ጋሼ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 2025 ክለቡ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በገለልተኛ አስተዳዳሪዎች እጅ ሲገባ፣ በሊጉ ደንብ መሠረት ወዲያውኑ 12 ነጥብ ተቀነሰበት፤ እስከዚያ ቀን የሰበሰበው ደግሞ 6 ብቻ ነበር። በታኅሣሥ መግቢያ ላይ ክፍያን በማዘግየት ጥፋት ሌላ 6 ተጨመረበት፤ ጋሼም ካርቶኑ ላይ ቦታ ስላጠራቸው ቁጥሩን በወረቀት ቁራጭ ጽፈው ለጠፉት።

በዚህ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት ትክክለኛ ስሙ ማብራሪያ ነው ብል አላጋነንኩም። የውርርድ ትኬት ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው (ትኬት ይዞ መግባት አይከለከልም፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ግን ይከለከላል)። እነዚህ ልጆች ስለ አንድ ክለብ የሚያውቁት የመጨረሻዎቹን አምስት ጨዋታዎች ውጤት ብቻ ስለሆነ፣ «አቋሙ ወርዷል» ብለው ይደመድማሉ። አንድ ምሽት ከመካከላቸው አንዱ የዌንስዴይ ተጫዋቾች መሮጥ እንዳቆሙ አማርሮ ሲናገር ጋሼ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጎን ሆነው «ልጄ፣ ደሞዙ ወድቆ አቋሙ በምን ይቁም?» አሉት። ቤቱ ሳቀ። እሳቸው ግን ከቀልዱ አልፈው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ቀጠሉ።

ያስረዱትን ባጭሩ ላስቀምጠው። ባለሀብቱ ዴጅፎን ቻንሲሪ ክለቡን የገዙት በ2015 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ2023 ዌንስዴይ በሊግ ዋን የማጣሪያ ግማሽ ፍጻሜ በፒተርቦሮ ሜዳ 4 ለ 0 ተሸንፎ፣ በሜዳው 5 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት አለፈ፤ በዌምብሌይም ጆሽ ዊንዳስ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ባስቆጠራት አንዲት ግብ ባርንስሌይን ረትቶ ወደ ቻምፒየንሺፕ አደገ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ የተጫዋቾች ደሞዝ በተደጋጋሚ ዘገየ። በዚያው ክረምት ያው ዊንዳስና አጥቂው ማይክል ስሚዝ ውላቸውን አፍርሰው ወጡ፤ የክንፍ ተጫዋቹ ጀዲ ጋሳማ ወደ ሬንጀርስ ተሸጠ፤ አሰልጣኙ ዳኒ ሮልም ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተሰናበቱ። በዝውውር እገዳ ሥር ያለ ክለብ የሄደበትን እንደ ልቡ መተካት ስለማይችል ልጆችና የተረፉት ነባሮች ሜዳ ገቡ። ትኬቱን የያዘው ወጣት «አቋም» ብሎ ያነበበው የአምስት ጨዋታ ውጤት፣ በአብዛኛው የዚህ ሁሉ ድምር ነበር።

አስተዳዳሪዎቹ በተሾሙ ማግሥት ስለሆነው ነገርም ጋሼ የሚናገሩት በደስታ ነው። በዚያው ሳምንት በሚድልስብሮው ጨዋታ ስታዲየሙን ባዶ ጥለው ተቃውሟቸውን የገለጹ ደጋፊዎች፣ ባለሀብቱ እጁ ከክለቡ ሲወጣ ነጥባቸው ከዜሮ በታች ሆኖ እያለ ሜዳቸውን ሂልስቦሮን ሊሞሉ ጎረፉ፤ የክለቡ ሱቅ በር ላይም ተሰለፉ። በኦክስፎርድ 2 ለ 1 ተሸነፉ እንጂ።

ከጋሼ ሐሳብ ጋር ግን ሁሉም አይስማማም፤ የቤቱ ጣዕምም እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ጎልማሳ የቤሪን ታሪክ ያነሣል። ቤሪ በ1885 የተመሠረተ፣ በ1903 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደርቢ ካውንቲን 6 ለ 0 ያሸነፈ ክለብ ነው። በታኅሣሥ 2018 በ1 ፓውንድ ተሸጠ፤ በ2018/19 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ተጫዋቾቹ ደሞዛቸውን በወቅቱ ሳያገኙ ሁለተኛ ሆነው ከሊግ ቱ ወደ ሊግ ዋን አደጉ። «ታዲያ የእነዚህን አቋም ማን ከፈለው?» ይላል ጎልማሳው። ጋሼ ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ሲሰጡ አልሰማሁም፤ የሚሉት «መጨረሻውንም ንገራቸው» ብቻ ነው። መጨረሻው፣ ያደገው ክለብ በሊግ ዋን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ነሐሴ 27 ቀን 2019 ከሊጉ መባረሩ ነው። እኔ በዚህ ክርክር ወደ ጎልማሳው አደላለሁ፤ ተጫዋች ሳይከፈለው ለጥቂት ወራት ከራሱ አውጥቶ ሊሮጥ ይችላል፤ የኛ አገር ሊግ ተጫዋቾችም ይህን በሚገባ ያውቁታል። ክለቡ ግን እንደዚያ ከየትም ሊያወጣ አይችልም።

የደርቢ ካውንቲና የሬዲንግ የቀድሞ ቅነሳ ሰሌዳው ላይ ባይኖርም በቤቱ ወሬ ውስጥ አይጠፋም። ደርቢ በ2021/22 በሁለት ዙር 21 ነጥብ ተቀንሶበት በ34 ነጥብ ወደ ሊግ ዋን ወረደ፤ ሜዳ ላይ የሰበሰበው ግን 55 ነበር፤ ያ ደግሞ ከመውረድ ያተርፈው ነበር። ሬዲንግም በሚቀጥለው ዓመት 50 ሰብስቦ፣ 6 ተቀንሶበት በ44 ወረደ። ስለዚህ በሰሌዳ ታች የተጻፈ ቡድን ሁሉ ደካማ ቡድን አይደለም፤ የጋሼ አምድ ጥቅሙ ይህንን በአንድ እይታ ማሳየቱ ነው። በስልካችን የምናየው የደረጃ ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየን የመጨረሻውን ድምር ብቻ ነው።

ነገሩን ሁሉ በገንዘብ የመተርጎም ዝንባሌ ግን በቤቱ ውስጥ ከልክ አልፏል ባይ ነኝ። የፖል ሙሊንን ጉዳይ ባነሣሁ ጊዜ የሰማኝ ጥቂት ሰው ነው። ሙሊን በ2020/21 ለካምብሪጅ ዩናይትድ በሊግ ቱ 32 ግብ ካስቆጠረ በኋላ ወደ ሬክሳም ሄዶ ክለቡን ከአምስተኛው እርከን ያወጣ አጥቂ ነው። በሐምሌ 2023 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር በተደረገ የዝግጅት ጨዋታ ሳንባው ተጎዳ፤ ተመልሶም አገባ። ከዚያ የጀርባ ቀዶ ሕክምና መጣ፤ ክለቡ በየዓመቱ እርከን እየወጣ የተሻሉ አጥቂዎችን ገዛ፤ በ2025 ክረምት ሙሊን በውሰት ወደ ዊጋን ተላከ። እዚህ ታሪክ ውስጥ የዘገየ ደሞዝ የለም። ክለቡ ከተጫዋቹ ቀድሞ አደገ፤ የተጫዋቹም አካል ደከመ። አቋም እንዲህም ይወርዳል።

ወደ ጉድለቶቹ ልመለስ። ትልቁ፣ ቅዳሜ ማታ ከትልልቆቹ ክለቦች አንዱ በተመሳሳይ ሰዓት ሲጫወት የታችኛው ሊግ ስክሪን «ለጊዜው» መነጠቁ ነው። እኔ ባለሁበት አንድ ምሽት 80ኛው ደቂቃ ላይ፣ አንድ ለአንድ በሆነ ጨዋታ፣ አስተናጋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ቀየረው። የከፈልነውን ይመልሱልን እንደሆነ ስንጠይቅ ያገኘነው አንድ አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። ጋሼ በዚያ ሰዓት አልነበሩም፤ እሳቸው ቢኖሩ ይህ የሚሆን አይመስለኝም። ቤቱ ግን በባለቤቱ መኖርና አለመኖር የሚለዋወጥ ከሆነ ደንበኛው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ሒሳብም ሁለት ጊዜ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ ሲነገራቸው ግን ይቅርታ ጠይቀው ያርማሉ።

አግዳሚ ወንበሮቹ መደገፊያ የላቸውም። መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮ ነው፤ መብራት ስለሌለው ስልክ ይዞ መግባት ያስፈልጋል። ድምፅ ማጉያው በአንጻሩ ልከኛ ስለሆነ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ሳትጮህ መነጋገር ትችላለህ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች የሚደረገው ክርክር ከጨዋታው የተሻለ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ለሚሄድ ሰው፦ እሑድ አይሂድ፤ እሑድ ቤቱ እንደ ማንኛውም ቤት ነው። ቅዳሜ ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይድረስና ከግድግዳው ሥር ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ረድፍ ለስክሪኑ ቢቀርብም ከዚያ ሆኖ «የተቀነሰ» የሚለው አምድ አይታይም።