ሞተር ሳይክል ቤታችሁ ለምትጠግኑ የጎንደር ልጆች፦ ጎበዝ በያጅ ልጠቁማችሁ

አዘዞ ላይ የብየዳ ሥራ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ለያማሃ ዲቲ 125 ሞተሬ የኋላ ማንሻ፣ ማለትም የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስቶ የሚይዝ ብረት ሠርተውልኛል። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገንም፣ እናንተን ለመጠቆምም ነው።

ዲቲ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የጎን መቆሚያ እንጂ የመሃል መቆሚያ የላትም። ካቴና (የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት) ዘይት ለመቀባት ወይም የኋላ ጎማ ለመፍታት ብዙ ቤት የሚደረገው ድንጋይ መደርደር፣ አለዚያም የቢራ ሳጥን ከሥር መወሸቅ ነው። ከ100 ኪሎ በላይ የምትመዝን ሞተር በፕላስቲክ ሳጥን ላይ! ሳጥኑ ከተሰነጠቀ ወይ ከተንሸራተተ የምትወድቀው አጠገቧ የተቀመጠው ሰው እግር ላይ ነው።

እኔ ያዘዝኩት ማንሻ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን «መጀመሪያ ቦታውን ልየው» ብለው ቤት ድረስ መጡ። ግቢያችን ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ነው። አንድ ጣሳ ውሃ ሊሾው ላይ አፈሰሱና ወዴት እንደሚሮጥ ዝም ብለው አዩ። ሌላም ቦታ አፈሰሱ። ውሃው ሳይሮጥ የረጋበትን ጥግ አሳዩኝና «ሥራው እዚህ ነው» አሉኝ።

ማንሻው የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ነው። እግሮቹ ሰፋ ተደርገው ተበይደዋል። የኋላ ጎማውን ግራና ቀኝ የያዘውን ብረት ከሥር ገብቶ ይሸከማል፤ በሚነካበት ቦታ ወፍራም ጎማ አልብሰውታል። እጀታውን ወደ ታች ሲጫኑት ጎማው ከመሬት ይነሳል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስላስተማሩኝ ነው። ማርሽ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። እሱ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ማርሽ ማስገባት ሞተሯን አያቆማትም። ወደ ፊት ሸርተት ካለች ከማንሻው ወረደች ማለት ነው። መያዝ ያለበት የፊት ፍሬኑ ነው። ከአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ቆረጡና የፍሬኑን እጀታ ከመሪው ጋር ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ከፊት ጎማው ፊት ጣውላ ሸጎጡ። ሞተሯ ከተነሳች በኋላ መቀመጫዋን ይዘው ቀስ ብለው ወዘወዟት። «ሳይወዘወዝ መፍቻ አይነሳም፣ ልጄ» አሉኝ።

የፊት ጎማ ለመፍታት የኋላ ማንሻ ብቻውን አይበቃም። ክሪክ (ከሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚያነሳ መሣሪያ) ያስፈልጋል። እሱም የሚገባው ከሞተሩ ሥር ባለው የፍሬም ብረት ነው፤ በመሃል ጣውላ ይደረጋል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ወይም የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ካቴና ሲጸዳና ሲቀባም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው በእጅ እየዞረ ነው። ሞተር አስነስቶ ካቴና መጥረግ ጣት ያስቆርጣል። ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ሞተሯን እንደተነሳች ትቶ መሄድ አይገባም።

ሥራ ስለሚበዛባቸው ትንሽ መታገሥ ይኖርባችኋል። ቀለሙም ያን ያህል አይደለም። ብየዳው ግን ንቅንቅ አይልም፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ሞተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳይለኩ አይበይዱም። የመሃል መቆሚያ ያላት ሞተር ካላችሁ ለኋላ ጎማ ይህ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ እሱንም ሳይደብቁ ይነግሯችኋል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃቸዋለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።