«ለሩቅ ዒላማ» የተባለ በርሜል ከመግዛታችሁ በፊት ጥምዙን ለኩ

ጠመንጃቸውን ለሩቅ ርቀት የዒላማ ተኩስ በአዲስ በርሜል ለማደስ ያሰቡ ሁሉ ሊጠነቀቁት የሚገባ አንድ የሽያጭ ዘዴ አለ። ማስታወቂያው ወፍራም፣ 26 ኢንች ወይም 66 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ በርሜል ያሳያል፤ አጠገቡ በሦስት ጥይት የተበሳ የዒላማ ወረቀት ይቀመጣል፤ በምርቃት ስምም አንድ ፓኬት ረጃጅም አረር ይታከልበታል። የሚጎድለው አንድ ቁጥር ነው፤ እሱም በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጸው ጥምዝ ቦይ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ስንት ኢንች እንደሚፈጅ የሚናገረው፣ በአጭሩ ጥምዝ የሚባለው ነው። ይህ ቁጥር ባልተጻፈበት፣ ወይም ተጽፎ ባልተለካበት ሁኔታ የሚፈጸም ግዢ፣ ብረቱ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ መጥፎ ግዢ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አረር ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ አፍንጫውን አቅንቶ የሚጓዘው በመሽከርከሩ ብቻ ነው፤ ሽክርክሪቱ ሲያንስ፣ ፍጥነቱ እንደቀነሰ እንዝርት እየተንገዳገደ ይሄዳል። አረሩ በረዘመ መጠን ደግሞ ለመረጋጋት የሚያስፈልገው ሽክርክሪት ይጨምራል። በሰከንድ 800 ሜትር የሚወጣ አረር «1 ዙር በ8 ኢንች» ከሆነ በርሜል ሲወጣ በሰከንድ 3,900 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ «1 ዙር በ12 ኢንች» ከሆነው ሲወጣ ግን ወደ 2,600 ይወርዳል። ለሩቅ ርቀት የሚመረጡት አረሮች ነፋስንና የአየርን ግጭት እንዲቋቋሙ ተብለው ረጃጅምና ሹል ሆነው የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ዝግ ያለ ጥምዝ (ለአንድ ዙር ብዙ ኢንች የሚፈጅ) ያለው በርሜል «ለሩቅ ርቀት» ተብሎ ሲቀርብ ስያሜውና ዕቃው እርስ በርስ ይጣላሉ።

በቅርቡ አንድ ገዥ ለምርመራ ያመጣው የ.223 ካሊበር በርሜል ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በርሜሉ የተሸጠለት «1 በ8» ተብሎ ነበር፤ ብረቱ ላይ ግን ካሊበሩ እንጂ ጥምዙ አልተቀረጸም። በምርቃት የተሰጡት አረሮች 77 ግሬን፣ ማለትም 5 ግራም የሚመዝኑ ነበሩ። በ100 ሜትር ላይ የነበረው ወረቀት ክብ ቀዳዳ ሳይሆን ሞላላ ብስ ይታይበት ነበር፤ አንደኛው ብስማ የአረሩን ሙሉ ጎን፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው፣ በማኅተም የተመታ ያህል አሳይቷል። ጥምዙ ሲለካ 12 ኢንች ሆኖ ተገኘ። ይህ ጥምዝ 55 ግሬን የሚመዝኑትን አጫጭር አረሮች ያለ ችግር ያስተናግዳል፤ 77 ግሬኑን ግን ሊያረጋጋ አይችልም። ሻጩ የሰጠው መልስ «በጠመንጃ ላይ ከተገጠመ በኋላ አይመለስም» የሚል ነበር።

እንዲህ ያለው አለመጣጣም በታወቁ ፋብሪካዎች ላይም ደርሷል። ሬሚንግተን በ1955 .244 የተባለውን ካሊበር ሲያወጣ «1 በ12» ጥምዝ ሰጠው፤ ተፎካካሪው .243 ዊንቸስተር ግን «1 በ10» ነበር። ገዢዎች 100 ግሬን የሚመዝኑ ረዘም ያሉ አረሮችን መተኮስ ስለፈለጉ ገበያው ወደ .243 አደላ። ኩባንያው ጥምዙን ወደ «1 በ9» ቢያፈጥነውና በ1963 ያንኑ ቀለህ 6 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ብሎ ቢሰይመውም የተወሰደበትን ገበያ መልሶ አላገኘውም። ከዚህ አንጻር 6.5 ክሪድሞር የተባለው ካሊበር በ2007 ሲወጣ ከመነሻው «1 በ8» ይዞ መምጣቱ፣ ጥምዙ ለረጃጅም አረሮች ተብሎ አስቀድሞ እንደታሰበበት ያሳያል።

ስለዚህ የምርጫው ቅደም ተከተል ከሻጩ ንግግር ተቃራኒ ነው። አስቀድሞ የሚመረጠው አረሩ ነው፤ ከዚያ ርዝመቱ ይለካል፤ ጥምዙ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል በ1879 ያወጣው ቀመር ዛሬም ለግምት ይበቃል፦ የአረሩን ዲያሜትር በራሱ አባዝታችሁ ውጤቱን በ150 ታበዙና ለአረሩ ርዝመት ታካፍላላችሁ። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 7.82፣ ርዝመቱ 38 ሚሊ ሜትር ለሆነ የ.308 አረር ውጤቱ 241 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 9.5 ኢንች ገደማ ይሆናል። ቀመሩ ለፈጣን አረሮች ከሚያስፈልገው ትንሽ የፈጠነ ጥምዝ ስለሚጠይቅ «1 በ10» ይህን አረር በሚገባ ይሸከማል፤ በዚህ ካሊበር በብዛት የሚሸጠው «1 በ12» ግን ዳር ላይ ያስቀምጠዋል። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩ አረሮች ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ እርሳስ ካላቸው ስለሚረዝሙ፣ ሻጩ ግሬን ብቻ እየጠራ «ይሄ ይበቃዋል» ቢላችሁ አትቀበሉት።

«ዳር ላይ» ያልሁት የሚያሳስበው ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ነው። አረሩ በሽክርክሪቱ ምን ያህል እንደሚረጋጋ በቁጥር የሚገልጸው የመረጋጋት መለኪያ ከ1 በታች ሲሆን አረሩ ይገለበጣል፤ ከ1 በላይ ሆኖ ከ1.5 በታች ሲሆን ግን በ100 ሜትር ጥሩ ብስ ሊያሳይ ይችላል፣ በርቀት ላይ ግን ከአየር ጋር የሚያደርገው ግጭት ይጨምርና ከተሰላው በታች ይመታል። በዚያ ላይ መለኪያው ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል፤ ሞቃትና ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ አረሩ በቀላሉ ይረጋጋል፣ በቀዝቃዛና ዝቅተኛ ቦታ ያው በርሜል ሊከዳ ይችላል። ሻጩ የሚያሳየው ወረቀት የት፣ በምን ሙቀት፣ በየትኛው አረር እንደተተኮሰ ካልተገለጸ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። የሦስት ጥይት ቡድን በራሱም ቢሆን በአጋጣሚ ሊጠብ ስለሚችል፣ ከብዙ ወረቀቶች መካከል ያማረውን መርጦ ማሳየት ለማንም አያስቸግርም።

ስለ ውፍረቱና ስለ ርዝመቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ውፍረት በርሜሉ ቶሎ እንዳይግል ይረዳል፤ ርዝመት የአረሩን ፍጥነት በመጠኑ ይጨምራል። ሁለቱም የጥምዝን ጉድለት አያካክሱም።

ልኬቱ ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ መዝጊያው ወጥቶ፣ እንዳይነቃነቅ ይታሰር። እጀታው በነጻ በሚዞር የመወልወያ ዘንግ ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ጠቅልሉና ወደ በርሜሉ አስገቡት፤ ጨርቁ ቦዩን ሲይዝ ዘንጉ ራሱ መዞር ይጀምራል። ዘንጉ ላይ እንደ ባንዲራ የምትቆም ትንሽ ፕላስተር ለጥፉና ባንዲራዋ ወደ ላይ ስትቆም ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ቀስ ብላችሁ ግፉና አንድ ሙሉ ዙር ዞራ ዳግም ወደ ላይ ስትቆም ሁለተኛውን ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ጥምዙ ነው፤ 203 ሚሊ ሜትር ከሆነ 8 ኢንች፣ 254 ከሆነ 10፣ 305 ከሆነ 12 ነው። ጨርቁ ከላላ ስለሚንሸራተት ጥምዙን ከእውነተኛው ዝግ አስመስሎ ያሳያል፤ ስለዚህ ሻጩን ከመክሰሳችሁ በፊት ጨርቁን አጥብቃችሁ ልኬቱን ድገሙት። ይህን በፊቱ እንድትሠሩ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ግዢውን ተዉት።

«የፈጠነ ጥምዝ ሁሌም ይሻላል» የሚለውንም በጥንቃቄ ስሙት። በመጠኑ መፍጠን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ከመዝገም ይመረጣል። ነገር ግን ቀጭን ልባስ ያላቸው ቀላል አረሮች ከመጠን ባለፈ ፍጥነት ሲሽከረከሩ በአየር ላይ ሊበታተኑ ይችላሉ።

ያገለገለ በርሜል ከሆነ ደግሞ ከጥይት ቤቱ ቀጥሎ ያለው የቦይ መነሻ በባሩድ ሙቀት ተበልቶ እንደሆነ በቀጭን ካሜራ ይታይ፤ አፈሙዙ ጠርዝ ላይ ጭረት ካለ ዋጋው በዚያው ልክ ይውረድ። በደረሰኙ ላይ ካሊበሩ፣ በኢንች የተጻፈው ጥምዝ፣ እንዲሁም በርሜሉ ከመገጠሙ በፊት በልኬት ልዩነት ከተገኘበት እንደሚመለስ የሚገልጽ ሐረግ ይስፈሩ፤ ልኬቱም ፈቃድ ወዳለው የጠመንጃ ባለሙያ ለመግጠም ከመወሰዱ በፊት ይከናወን፣ ምክንያቱም ጥይት ቤቱ ለጠመንጃችሁ ተብሎ ከተቆረጠ በኋላ የትኛውም ሻጭ መልሼ ለመረከብ አልገደድም ሊል ይችላል።